ድሬዳዋ ልደር ወይስ ሐረር?

የራሱ መኪና ሳይኖረው ምሥራቅ ኢትዮጵያን በሕዝብ ማመላለሻ ሊዞር የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፤ ሻንጣዬን የት አስቀምጬ፣ አልጋዬን የት ይዤ ነው አገሩን የምዞረው? አማራጩ ካርታ ላይ ሲታይ ሰፊ ይመስላል እንጂ በተግባር ሁለት ከተሞች ናቸው፤ ድሬዳዋና ሐረር። በመካከላቸው ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው «የትም ቢያድሩ ያው ነው» ይላል። እኔም ይህንኑ ይዤ ነበር የሄድኩት። ባለፈው ጥር እዚያ አሥራ ሁለት ቀን ከቆየሁ በኋላ ግን ያው እንዳልሆነ፣ ልዩነቱም በኪሎ ሜትር የሚለካ እንዳልሆነ ስለተረዳሁ፣ ከእኔ በኋላ ለሚሄድ ሰው ይጠቅም እንደሆነ ያየሁትን እጽፋለሁ።

መጀመሪያ አልጋ የያዝኩት ድሬዳዋ ነው። ምክንያቴ የአብዛኛው መንገደኛ ምክንያት ነበር፤ አውሮፕላኑም ባቡሩም የሚያደርሰው እዚያ ነው። ከዚራ በሚባለው የድሮ ሠፈር፣ ግራና ቀኙን ዛፍ ያጠላበት ቀጥ ያለ ጎዳና ላይ ንጹሕ ፔንሲዮን አገኘሁ። የድሬ ሰው እንግዳን አያርቅም። ከባጃጅ ሹፌሩ ጀምሮ ሁሉም «አንተ» እያለ ያናግራል፣ ንግግሩን በ«አቦ» ይከፍታል፣ ከያዘውም ሳያካፍል አያልፍም። ከተማዋን እወዳታለሁ፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ስለ መንገድ እንጂ ስለ ከተማዋ ፍቅር አለመሆኑ ይታወቅልኝ።

ችግሩ የመጣው በሁለተኛው ቀን ነው። ያሰብኩት ባቢሌ ሄጄ ከዚያ አለፍ ብሎ ያለውን፣ በተደራረቡ ድንጋዮቹ የታወቀውን የዳካታን ሸለቆ ለማየት ነበር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ45 መናኸሪያ ደረስኩ፤ የሐረሩ ሚኒባስ ሞልቶ የወጣው 1 ሰዓት ከ25 ላይ ነው። ሐረር 2 ሰዓት ከ45 ገባን። የባቢሌውን ተራ ፈልጌ፣ ተሳፍሬ፣ እስኪሞላ ጠብቄ ስነሣ 3 ሰዓት ተኩል ሆነ። ባቢሌ ስወርድ ሰዓቱ 4 ከሩብ ነበር። ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ በመንገድና በመጠበቅ አለፈ ማለት ነው። ማታ ድሬዳዋ ለመመለስ ደግሞ ሳይመሽ ሐረር መድረስ ነበረብኝ፤ ስለዚህ ከእኩለ ቀን ጀምሮ ዓይኔ ድንጋዩ ላይ ሳይሆን ሰዓቴ ላይ ነበር። ሦስተኛው ቀን ወደ ሐረማያ፣ አራተኛው ወደ ሐረር ስሄድም የሆነው ይኸው ነው፤ በየጠዋቱ የደንገጎን ዳገት መውጣት፣ በየማታው መውረድ።

ደንገጎን ያላየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላይገባው ይችላል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከተራራው ግርጌ የተዘረጋች ከተማ ናት። ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ከከተማው ሲወጣ ወዲያው እየተጠማዘዘ ተራራውን ይያያዘዋል፤ ጆሮ ይደፈናል፣ ጭነት የያዙ መኪኖች በአንደኛ ማርሽ እያቃሰቱ ይወጣሉ፣ ከላይ የሚመጡት ደግሞ ፍሬናቸው እየሸተተ ይወርዳሉ። ከላይ ሲደረስ አየሩ ሌላ ነው፤ ሐረማያ አካባቢ ከፍታው ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል፣ ሐረር ራሷ 1,885 ሜትር ላይ ናት። ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በቁልቢና በጨለንቆ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ፣ ሌላው በሐረማያና በአወዳይ አድርጎ ወደ ሐረር ይሄዳል። መንገደኛው ሊያያቸው የሚፈልጋቸው አብዛኞቹ ቦታዎች ከዚህ ዳገት በላይ ያሉ ናቸው።

ይህ ዳገት ድሬዳዋን ራሷን የፈጠረ ዳገት መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐረርን ይነካል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ሐዲዱን በዚህ ገደል ላይ ማውጣት ከባድ ስለሆነ ከሥሩ እንዲያልፍ ተደረገ፣ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ሜዳም ከተማ ሆነ። ለጊዜው «አዲስ ሐረር» ተብሎ እንደነበር ይነገራል። ድሬዳዋ ከመነሻዋ የባቡር ከተማ ናት፤ ዕቃና ሰው ከሩቅ የሚመጣባትና ወደ ሩቅ የሚላክባት። ሐረር ደግሞ ባቡር ከመምጣቱ ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ በዙሪያዋ ያሉት ገበሬዎችና አርብቶ አደሮች የሚገናኙባት የገበያ ከተማ ነበረች። የዛሬዎቹ ሚኒባሶችም ይህንኑ የጥንት መሥመር ይዘው የሚሄዱ ይመስለኛል። ከሩቅ ለመምጣት ድሬዳዋ፣ በቅርብ ለመዞር ሐረር ትቀላለች።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ወደ ሐረር ወጣሁ።

ከመወሰኔ በፊት ግን ሌሎቹንም አስቤ ነበር። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲው ስላለ ምግቡም አልጋውም ርካሽ ነው፣ ጸጥታም አለው፤ ከሐረርም ከድሬዳዋም መንገድ መካከል ስለሆነ በካርታ ላይ ከሁሉ የተሻለ ቦታ ይመስላል። በሐረማያ አስፋልት ዳር አንድ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል የቆምኩት ይህን ሐሳቤን ለመፈተን አልነበረም፤ ወደ ድሬዳዋ የምመለስበት መኪና አጥቼ ነው። ሚኒባስ በየአምስት ደቂቃው ያልፋል፣ ሁሉም ግን ሞልቶ ነው የሚያልፈው። ረዳቱ በመስኮት እጁን አውጥቶ ወደ ኋላ ያመለክታል፤ «የሚቀጥለውን ጠብቅ» ማለቱ ነው። የሚቀጥለውም ያንኑ ያደርጋል።

በማግስቱ ሐረር መናኸሪያ ውስጥ ይህን ለአንድ ተራ አስከባሪ ነገርኩት። ዕድሜው ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ ትከሻው ላይ ሽርጥ የጣለ ሰው ነው። ሳቅ ብሎ እንዲህ አለኝ፤ «አቦ ወንድሜ፣ መሐል መንገድ ላይ የቆመ ሰው የሚሳፈረው በወረደ ሰው ልክ ነው። አንተ በቆምክበት ማን ይወርዳል?» ነገሩን ከዚህ በተሻለ ያስረዳኝ የለም። በአገራችን ሚኒባስ የመነሻ ሰዓት የለውም፣ ሲሞላ ይነሣል። መነሻው ላይ ያለ ሰው ግማሽ ሰዓት ሊጠብቅ ይችላል፤ ነገር ግን ወንበሩን ይዞ፣ ሻንጣውን ከእግሩ ሥር አድርጎ፣ እንደሚሄድ እያወቀ ነው የሚጠብቀው። መሐል ላይ ያለው ሰው የሚጠብቀው ሌላ ሰው እስኪወርድ ነው። ትርፍ መጫን ስለሚያስቀጣ ሹፌሩ ቢያዝንም አይቆምም። ስለዚህ ማረፊያ የሚሆነው ከተማ መኪና የሚነሣበት እንጂ የሚያልፍበት መሆን የለበትም። ለእኔ ከጉዞው ሁሉ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ አገር ስሄድ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ሆቴሉ ሳይሆን ከዚያ መናኸሪያ ወደ ስንት አቅጣጫ መኪና ተራ እንደሚይዝ ነው።

አወዳይን ያነሣሁት ለጥንቃቄ ነው። ከሐረር በስተምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ያለችው ይህች ከተማ የጫት ገበያዋ እጅግ ትልቅ ነው፤ የጭነት መኪናና የሰው ግርግር ሌት ተቀን አይለያትም። መኪና አይጠፋባትም፣ እንቅልፍ ግን ይጠፋባታል። ጅጅጋ ደግሞ የራሷ ዓለም ያላት፣ ወደ ቶጎጫሌና ወደ ደገሃቡር ለሚቀጥል ሰው ትክክለኛዋ ማረፊያ ናት፤ የሐረርን ዙሪያ ለማየት ግን ሩቅ ዳር ላይ ትቀራለች።

የሐረር መናኸሪያ አሮጌውን ከተማ ከከበበው ከጁገል ግንብ ውጭ፣ ከሸዋ በር በእግር የሚደረስ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የገባ ሰው የአቅጣጫውን ብዛት ከጩኸቱ ያውቀዋል። ወደ ምዕራብ አወዳይ፣ ሐረማያና ድሬዳዋ፣ ወደ ምሥራቅ ባቢሌና ጅጅጋ፣ ወደ ሰሜን ኮምቦልቻ፣ ወደ ደቡብ ፈዲስ። ኮምቦልቻ ሲባል የወሎው እንዳይመስላችሁ፤ የሐረርጌው ሌላ ነው፣ ከሐረር ግማሽ ሰዓት ያህል የሚያስኬድ፣ በአትክልትና በጫት ማሳ የተከበበ። ከእነዚህ ከአንዱ በቀር ሁሉም በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚደረስባቸው ናቸው፤ ጅጅጋ ብቻዋን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነች ከዚያ ትንሽ ታልፋለች። ለደርሶ መልስ ጉዞ ከጅጅጋ የበለጠ የሚያስኬድ ቦታ አልመክርም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ እዚያው ማደር ነው።

ሰዓትን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልገልጽ ባልፍ ጽሑፉ ይጎድላል። በሐረርጌ ቀኑ ሁለት ነው፤ ከምሳ በፊትና ከምሳ በኋላ። ጠዋት ሁሉም ይሮጣል፤ ገበሬው ገበያ ይገባል፣ ተማሪው ይጓዛል፣ መኪናው በሃያ ደቂቃ ይሞላል። ከ7 ሰዓት በኋላ የበርጫ፣ ማለትም ተቀምጦ ጫት የመቃሚያ፣ ሰዓት ነው፤ ሱቁ በሩን ገርበብ ያደርጋል፣ ሰው ከመኖሪያው አይነሣም፣ ተራ የያዘው ሚኒባስ ስድስት ሰው ይዞ ለአንድ ሰዓት ሊቆም ይችላል። እንቅስቃሴው የሚመለሰው 10 ሰዓት ገደማ ነው፤ ያኔም ቢሆን የሚበዛው ወደ ሐረር የሚገባው እንጂ ከሐረር የሚወጣው አይደለም። ሐረር ያደረ ሰው ይህ ይጠቅመዋል፤ የሚመለሰው ሁሉም ሰው ወደሚመለስበት ነው። ድሬዳዋ ሳድር ግን ሐረር ስደርስ የቀን ሥራው ያለቀ፣ ወደ ታች የሚወርደውም ሰው የተመናመነ ይሆንብኝ ነበር።

አሁን ባቢሌን እንደገና ላንሣ፤ በሁለተኛው ሙከራዬ ነገሩን በሌላ መንገድ ስለያዝኩት። ከሐረር በጠዋቱ የጅጅጋን ሚኒባስ ተሳፈርኩ፣ ባቢሌን አልፌ ሸለቆው ውስጥ ወረድኩ። የዳካታ ሸለቆ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተደራረበበት፣ አንዳንዱ ቋጥኝ በአንዲት ጫፉ ብቻ ቆሞ ለዘመናት ሳይወድቅ የቆየበት ቦታ ነው። ከመኪና ውስጥ ሆኖ ያየው ሰው በአሥር ደቂቃ ያልፈዋል፤ በእግሩ የሄደበት ሰው ግን ድንጋዮቹ ፀሐይዋ ስትዞር መልካቸው ሲለዋወጥ ያያል። ከአንዱ ቋጥኝ ሥር ዝንጀሮዎች ተቀምጠው ልጆቻቸውን ይቀምሉ ነበር። ከዚያ አስፋልቱን ይዤ ወደ ኋላ ወደ ባቢሌ በእግሬ ተመለስኩ፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፣ ውኃና ባርኔጣ ከተያዘ አይከብድም።

ይህን ያደረግኩት በመጀመሪያው ሙከራ ከደረሰብኝ ተምሬ ነው። ያን ቀን ባቢሌ አስፋልት ዳር 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ቆሜ ከጅጅጋ የሚመጣውን ሚኒባስ እጅ እያነሣሁ ሳስቆም አንድም የቆመልኝ አልነበረም። አጠገቤ ቆሎና ለውዝ በጣሳ እየሰፈሩ የሚሸጡ እናት ነበሩ። የባቢሌ ለውዝ ስሙ የታወቀ ነው፤ እሳቸው በዚያው በጣሳው አፍ ላይ በእፍኛቸው ከፍ አድርገው፣ የሚፈስሰውን በመዳፋቸው እየመለሱ ይሰፍራሉ። ለረጅም ጊዜ ሲያዩኝ ቆይተው «ልጄ፣ የጅጅጋው አይቆምልህም፤ እነዚያ ከጠዋት ጀምሮ ወንበራቸውን ከፍለው ነው የመጡት። ውስጥ ግባና የዚህኑ ተራ ያዝ» አሉኝ። ወደ ውስጥ ስገባ ከባቢሌ የሚነሣ ሚኒባስ አምስት ሰው ጎድሎት ቆሞ አገኘሁ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ የቆምኩት ከመነሻው ሁለት መቶ እርምጃ ርቄ ነበር። ያን ማታ ድሬዳዋ የገባሁት 3 ሰዓት ላይ ነው። ሰኞና ሐሙስ የግመል ገበያ ስለሚቆም የሚቻለው ሰው ባቢሌን በእነዚህ ቀናት ቢያደርግ መልካም ነው፤ በገበያ ቀን ከብቱም ሰውም ስለሚበዛ መኪናው አይጠፋም።

ወደ ኮረሚ የሚሄድ መደበኛ ሚኒባስ አላገኘሁም። ኮረሚ ከሐረር በስተደቡብ ምሥራቅ፣ የኤረርን ሸለቆ ቁልቁል እያየ በተራራ ጫፍ ላይ የተሠራ የአርጎባ መንደር ነው፤ ቤቶቹ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተነባብሮ የተሠሩ ናቸው። ለዚህ ከሌሎች ሁለት መንገደኞች ጋር ኮንትራት ያዝን። የማረፊያ ከተማ ሌላው ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፤ ሐረር ውስጥ በአንድ ማታ ቡና ጠጥቶ አብሮ የሚከፍል ሰው ማግኘት ይቻላል። የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ግን በሕዝብ ማመላለሻ የሚታሰብ አይደለም፤ መኪናና መሪ ይጠይቃል። እኔ ትቼዋለሁ፣ አላፍርበትም።

ጅጅጋ የሄድኩት በስምንተኛው ቀን ነው። ከሐረር 12 ሰዓት ተኩል ተነሥቼ፣ የካራማራን ተራራ አልፌ ከረፋዱ በፊት ደረስኩ። ካራማራ ሲባል የየካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ድል በእያንዳንዱ ተሳፋሪ አፍ ላይ ነው፤ አጠገቤ የተቀመጡ አባት መንገዱ ዳገቱን ሲይዝ ወሬያቸውን አቋርጠው ዝም አሉ፣ ካለፍነው በኋላ ነው የቀጠሉት። ጅጅጋ ላይ የግመል ወተት ጠጣሁ፣ ገበያውን ዞርኩ፣ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ተመለስኩ። ስትመለሱ ኬላ ላይ ፍተሻ እንደሚኖር አስቡ። እኛን ሁላችንንም አስወርደው፣ ከጣሪያ ላይ ያለውን ጭነት አንድ በአንድ አስፈትተው፣ አርባ ደቂቃ ቆየን። ለዚህ ነው ከጅጅጋ ወደ ሐረር የሚመለስ ሰው መንገዱ የሚጠይቀውን ሰዓት ብቻ ሳይሆን በላዩ አንድ ሰዓት ጨምሮ ማሰብ ያለበት። ያን ቀን ከዚያ ተነሥቶ ድሬዳዋ ለማደር ያሰበ ቢኖር ደንገጎን በጨለማ ይወርድ ነበር።

በሐረር ላይ የሚነሣ አንድ እውነተኛ ቅሬታ አለ፤ ውኃ ነው። ከተማዋ ለብዙ ዘመን የጠጣችው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ እየሸሸ ሄዶ በ1990ዎቹ ደረቀ፤ አሁን በቅርብ ዓመታት በከፊል ተመልሶ ውኃ ሲይዝ ይታያል። ሐይቁ ከደረቀ በኋላ አብዛኛው የሐረር ውኃ ከድሬዳዋ አካባቢ፣ ከድሬ ጀራ ጉድጓዶች፣ ያንኑ እኔን ያደከመኝን ከፍታ በፓምፕ ተገፍቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አልጋ ስትይዙ ስለ ዋይፋይ ከመጠየቃችሁ በፊት ሮቶ መኖሩን፣ መሙላቱንም ጠይቁ። እኔ ያረፍኩበት ቤት እመቤት በኮሪደሩ ላይ ቢጫ ጀሪካን ደርድረው፣ በየአንዳንዱ ክዳን ላይ የተቀዳበትን ቀን በከሰል ይጽፉ ነበር። ጠዋት ለገላ መታጠቢያ ከአሮጌው ይሰጣሉ፣ ለቡና አዲሱን ይከፍታሉ። ባለው ነገር በዚህ መጠን የሚጠነቀቅ ሰው ቤት ማደር ክብር ይሰማኛል።

ቤቱ በጁገል ውስጥ ያለ ጥንታዊ የሐረሪ ቤት ነው። ሲገባ ፊት ለፊት በደረጃ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ፣ ማን የትኛው ላይ እንደሚቀመጥ በማዕረግ የተወሰነ ነው፤ ግድግዳው በስፌት ተሸልሟል። መደቡና ወለሉ ቀይ አፈር የተቀባው በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይባላል። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጣ ሰው በጨለንቆ ያልፋል፤ ስሙን በታፔላ አንብቦ ካለፈ በኋላ ትርጉሙን ሐረር ገብቶ በተቀመጠበት መደብ ላይ ያገኘዋል።

ሌላው ሐረርን የሚያስመርጠው ነገር መኪና የማንሳፈርበት ቀን መኖሩ ነው። አሥራ ሁለት ቀን በየቀኑ የሚጓዝ ሰው የለም፤ ይደክማል፣ ይታመማል፣ ዓርብ ከሰዓት ይደርስበታል። በዚያ ቀን የማረፊያው ከተማ ራሷ የምትበቃ መሆን አለባት። ጁገል 48 ሄክታር ገደማ ብቻ ነው፣ በውስጡ ግን 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ መቃብሮች እንዳሉ ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ብሎ ሲመዘግበው ጽፎታል። ከፈረስ መጋላ ወደ ታች የሚወርደው «መኪና ግርግር» የሚባለው ጎዳና ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ በሁለቱም በኩል ተደርድረው በእግራቸው እየመቱ ይሰፋሉ፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀጥላል፣ ድምፁ ከጎዳናው ጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ይወርዳል። የሱሪዬ ኪስ ተቀዶ ነበርና ለአንዱ ሰጠሁት፤ በዱካ አስቀምጦኝ፣ ቡና አስመጥቶልኝ፣ ከሱሪው ቀለም ጋር የሚስማማ ክር እስኪያገኝ ሦስት ጊዜ ለውጦ ሰፋልኝ። የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው ሙዚየም፣ በፈረንሳዊው ባለቅኔ በራምቦ ስም የተጠራው ቤት፣ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅቦች የሚመገቡበት ትርዒት፤ እነዚህ ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ናቸው፣ ሁሉም በእግር የሚደረሱ ናቸው።

ድሬዳዋንም ቢሆን በደንብ ያየሁት ሐረር አድሬ ስሄድባት ነው። ማደሪያዬ በነበረች ጊዜ ጠዋት ስወጣ ማታ ስገባ ከአልጋዬ በቀር አላወቅኳትም። በአሥረኛው ቀን በጠዋቱ ወረድኩ፤ የአሮጌውን ባቡር ጣቢያ አየሁ፣ ደረቁን የደቻቱን ወንዝ በድልድይ ተሻግሬ ቀፊራ ገበያ ገባሁ። ያ ደረቅ አሸዋ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደ ወንዝ መሆኑን ለማመን ይከብዳል፤ ገበያተኛው በአሸዋው ላይ ዕቃውን ዘርግቶ ይሸጣል። ሙቀቱ ሳይበረታ ከ6 ሰዓት በፊት ጨርሼ፣ ምሳዬን በልቼ ወደ ላይ ወጣሁ።

ቀን ስትመርጡ ሦስት ነገሮችን አስቡ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው፤ በእነዚያ ቀናት አካባቢ መኪናው ሁሉ ወደ ቁልቢ ይሰማራል፣ አልጋም ከድሬዳዋ እስከ ሐረር በቀላሉ አይገኝም። ለንግሡ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ይያዝ፣ ሌላው ግን ሳምንቱን ይለፍ። በረመዳን ጁገል ውስጥ ቀን የሚበላበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል፤ በአንጻሩ ማታው ልዩ ነው። ከረመዳን ቀጥሎ ከሚመጣው የስድስት ቀን ጾም ፍጻሜ ጋር የሚከበረው የሐረሪዎች በዓል ሹዋሊድ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ የታወቀ ሆኗልና፣ ለእሱ የሚሄድ ሰው ጁገል ውስጥ አልጋ ከብዙ ጊዜ በፊት ማስያዝ አለበት። የመንገዱን ደኅንነትም ከመነሣታችሁ በፊት በዚያው ከሚኖር ሰው ጠይቁ፤ ሁኔታው በየጊዜው ይለዋወጣል።

ድሬዳዋ አልጋ መያዝ የሚሻልበት ጊዜ የለም አልልም። ወደ ደወሌና ጅቡቲ የሚቀጥል፣ የለገ ኦዳን የዋሻ ሥዕሎች ለማየት መኪና የተከራየ፣ ወይም ለሥራ መጥቶ አንድ ቀን ብቻ የተረፈው ሰው ከዚያው ባይነቃነቅ ይሻለዋል። ለሌሎቻችንም አንድ ሌሊት ድሬ ይገባታል፤ የመጨረሻዋ። አውሮፕላን ወይም ባቡር በጠዋት ያለው ሰው በዚያው ማለዳ ከሐረር ሚኒባስ ሞልቶ እንዲያደርሰው ተስፋ ማድረግ የለበትም።

እኔም በአሥራ አንደኛው ቀን 9 ሰዓት ላይ ሻንጣዬን ይዤ ሐረር መናኸሪያ ገባሁ። የድሬው ሚኒባስ አራት ሰው ብቻ ነበር የያዘው። ተራ አስከባሪው አየኝና «ዛሬስ መሐል መንገድ አትቆምም» አለኝ፤ ከሹፌሩ ኋላ መስኮቱ ጋ ያለውን ወንበር አስያዘኝ። ሃምሳ ደቂቃ ጠበቅን። ደንገጎን ስንወርድ ፀሐይዋ ገና ነበረች፤ ድሬ ከታች በዛፎቿ መካከል ተዘርግታ ትታይ ነበር፣ በየጥምዝምዙም ሙቀቱ በመስኮት እየጨመረ ይገባ ነበር።